ሐምሌት፣ የአንበሳው ፊልምና የልብስ ሰፊው ልጅ፦ ምሥጢሩን ማን ይወቅ?

የቀለም ጠብታ | ሰኞ፣ ማታ 2:10

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። ሦስት ወር ሙሉ ስጽፈው የቆየሁት ታሪክ በአንድ ሰው ቃል እጄ ላይ ቀዝቅዞብኛል። ምክራችሁን ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ለልጆች የሚሆን የ20 ደቂቃ አኒሜሽን ነው። የ11 ዓመት ልጅ አለ፤ ልብስ ሰፊ የነበረው አባቱ ሞቷል። አጎቱ ሱቁን ይዞ በአባትየው መኪና ይሰፋል፤ ቆይቶም እናትየውን ያገባል። አንድ ቀን ልጁ የሱቁን ደብተር ሲያገላብጥ አጎቱ ሱቁን የወሰደው በሌለ ዕዳ እንደሆነ ይደርስበታል። ግን ለማንም መናገር አይችልም። ጓደኛዬ አንብባ ስትጨርስ «ጥሩ ነው፤ ግን ይሄ ሐምሌት አይደለም እንዴ?» አለችኝ።

የሼክስፒርን ተውኔት ሐምሌትን አንብቤው አላውቅም ነበር። በማግሥቱ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ትርጉም ተውሼ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። አጎትየው እዚያ አለ። ቶሎ ያገባች እናት አለች። እያወቀ ዝም የሚል ልጅም አለ። ደነገጥኩ። ሳያነቡ መስረቅ ይቻላል? ልተወው ወይስ ልቀጥል?

ባለካሜራ | ሰኞ፣ ማታ 2:45

እንዳትተዪው! አንቺ ሳታውቂ የሄድሽበትን መንገድ ሌሎች አውቀው ሄደውበታል።

በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የዲዝኒው «ላየን ኪንግ» ከሐምሌት መቀዳቱን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ተናግረዋል። አጎት ንጉሡን ይገድላል፣ ዙፋኑን ይይዛል፣ ወራሹ ልጅ ከአገር ይርቃል፣ የሞተው አባት መንፈስ ደግሞ ደመና ውስጥ ብቅ ብሎ ልጁን ይጠራዋል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ አግዳሚ ላይ ተጣብቀን ተቀምጠን ነው። አባትየው ከገደሉ ሲወድቅ ያ ሁሉ ልጅ ትንፋሹን ዋጠ። ሼክስፒር የሚባል ሰው መኖሩን ከመሃላችን የሚያውቅ አልነበረም።

ዛሬ ኤዲቲንግ ላይ ነው የምሠራው። ያንን ትዕይንት ስንት ጊዜ ወደኋላ እየመለስኩ እንዳየሁት አልቆጥረውም። ልጁ ሲምባ የአባቱን ክንድ ቀና አድርጎ ሥሩ ይተኛል። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ አጎትየው መጥቶ «ይሄ በአንተ ምክንያት የመጣ ነው» ብሎ ያሳምነዋል። ፊልሙን ከሐምሌት የለየው እሱ ነው። ሐምሌት የሚዘገየው ስለሚጠራጠር ነው፤ ሲምባ የሚዘገየው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ስላመነ ነው። መዘግየታቸው አንድ ነው፤ ምክንያታቸው ግን አይገናኝም።

ዋሽንት | ሰኞ፣ ማታ 3:20

ባለካሜራ፣ በዚህ አንስማማም፤ ታውቀኛለህ።

የአንበሳው ፊልም ከሐምሌት አጥንቱን ወስዶ መርዙን ትቶታል። በተውኔቱ የንጉሡ አማካሪ ፖሎኒየስ ይሞታል፣ ሐምሌት የሚወዳት ልጁ ኦፊልያ ትሞታለች፣ ሁለቱ የትምህርት ቤት ጓደኞች ይሞታሉ፣ በመጨረሻም ንግሥቲቱ፣ የኦፊልያ ወንድም ላየርቲስ፣ ንጉሡና ራሱ ሐምሌት ባንድ አዳራሽ ውስጥ ይወድቃሉ። በፊልሙ ደግሞ ዝናብ ይዘንባል፣ ሣሩ ይለመልማል፣ ልጅ ይወለዳል። ለልጆች ነውና ይሁን። ግን መንፈሶቹ የሚናገሩትን አስተያዩት። የሐምሌት አባት ሲሰናበት «አስታውሰኝ» ነው የሚለው። የሲምባ አባት «ማን እንደሆንክ አስታውስ» ይላል። አንደኛው ሟች ሸክሙን ልጁ ላይ ጭኖ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ልጁን ለራሱ ይመልሰዋል። እነዚህ ሁለት አባቶች አይተዋወቁም። ሼክስፒር የጻፈው የመጀመሪያውን ነው፣ የሚያመውም እሱ ነው።

የቀለም ጠብታ፣ የአንቺ ሟች አባት ለልጁ ምን ይለዋል? እሱን ካወቅሽ ታሪኩ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ደግሞ ልጅሽ የ11 ዓመት ነው ስትዪ ክው አልኩ። የሼክስፒር አንድዬ ወንድ ልጅ ሐምኔት በ1596 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ላይ ሲሞት ዕድሜው 11 ነበር።

የመድረክ ሰው | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:30

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ።

የቀለም ጠብታ፣ ልጄ፣ ሌብነት ነው ወይ ላልሽው እኔ ልመልስልሽ። ቴአትር ሳስተምር በየዓመቱ ይህ ጥያቄ ይነሳ ነበር። ሐምሌት የሼክስፒር ፈጠራ አይደለም። ሳክሶ ግራማቲከስ የሚባል የዴንማርክ ሰው በ1200 እ.ኤ.አ. ገደማ በላቲን በጻፈው ታሪክ ውስጥ አምሌት የሚባል ልዑል አለ። ሳክሶን ቤልፎሬ የሚባል ፈረንሳዊ በ1570 እ.ኤ.አ. በራሱ ቋንቋ አሰፋፍቶ ተረከው። ከሼክስፒር በፊት ለንደን ላይ ይታይ የነበረ፣ ዛሬ ጽሑፉ የጠፋ ሌላ የሐምሌት ተውኔትም ነበር። መንፈሱ እዚያም ውስጥ እየጮኸ ነበር።

ሳክሶ ዘንድ ግን መንፈስ የለም፤ አያስፈልግምም። ግድያው የአደባባይ ነው። አጎትየው ፌንግ ወንድሙን ገድሎ «ሚስቱን ያሠቃያት ስለነበር ላድናት ብዬ ነው» ብሎ ያስተባብላል፣ ሰዉም ይቀበለዋል። ልጁ አምሌት ነፍሱን ለማትረፍ ሲል ጅል ይሆናል። ምድጃ ዳር አመድ ላይ ቁጭ ብሎ የእንጨት ሜንጦ በእሳት እያጠነከረ ያሾላል። «ምን እየሠራህ ነው?» ሲሉት «አባቴን የምበቀልበት ነው» ይላቸዋል፣ ይስቁበታል። እውነቱን ነው የነገራቸው። ኋላ ሰካራሞቹን መኳንንት መጋረጃ ጥሎባቸው፣ በእነዚያው ሜንጦዎች ጠፍሮ አዳራሹን ያቃጥልባቸዋል። አጎቱን ይገድላል፣ በሕይወትም ተርፎ ይነግሣል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሳክሶ ዘንድ ግድያውን አገር ያውቀዋል። ሼክስፒር መርዙን በተኛው አባት ጆሮ አስገብቶ ግድያውን ምሥጢር አደረገውና ልጁ ብቻውን እንዲያውቅ ፈረደበት። ባለካሜራ ያነሣው ፊልም ደግሞ ገልብጦ ሁላችንም እንድናውቅና ልጁ ብቻ እንዳያውቅ አደረገ። አጎቱም፣ እናቱም፣ ዙፋኑም በሦስቱም ውስጥ አሉ። የተለወጠው ምሥጢሩን የሚያውቀው ሰው ነው፤ እሱ ሲለወጥ ከሥር ያለው ሁሉ ተለወጠ። አምሌት ብልጥ ሆነ፣ ሐምሌት ብቸኛ ሆነ፣ ሲምባ ስደተኛ ሆነ።

ስለዚህ ልጄ፣ አጎትየውን አታውጪው። ምሥጢሩን ማን እንደሚያውቅ እንደገና አስቢበት።

ደመና | ማክሰኞ፣ ቀን 9:05

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ያለሁት አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ይህን ሳነብ እዚህ ገና ነግቶ ነበር። አንብቤ ስጨርስ እናቴ ትዝ አለችኝ። አዲስ አበባ ደውዬ ወደ አማርኛ የተመለሱት የቱርክ ድራማዎች ሰዓት ላይ ከደረስኩ «ቆይ መልሼ እደውላለሁ» ትለኛለች። ቃና ከተከፈተ ጀምሮ እንደዚያ ነው። «አሁን እኮ ልጅቷ የእህቷ ባል መሆኑን አታውቅም! እኛ ስናውቅ እሷ አታውቅም!» ብላ ትንገበገባለች። ከ100 ክፍል በላይ የሚያስኬደው ይህችው ናት። አንድ ሰው አያውቅም፣ እኛ እናውቃለን፣ ቴሌቪዥኑን መዝጋት ያቅተናል።

ልጄ 7 ዓመቷ ነው። የአንበሳውን ፊልም አይታ ስትጨርስ የጠየቀችኝ ስለ ሞቱ አልነበረም። «ለምን ለእናቱ አልነገራትም?» ነበር ያለችኝ። ልጅ እንደዚያ ነው የሚያስበው፦ ለእናት ይነገራል፣ ያልቃል። የቀለም ጠብታ፣ ለልጆች የምትጽፊ ከሆነ ይህን ጥያቄ ሳትመልሺ እንዳታልፊው። ልጅሽ ደብተሩን ሲያገኝ ለምን ለእናቱ አይሰጣትም?

ሌላም ላንሣ። ሠፈራችን ካለው ቤተ መጻሕፍት «ሼክስፒር፦ ዘ አኒሜትድ ቴልስ» የሚባሉትን ተውሰን አይተናል። 12 ናቸው፤ እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሐምሌት ለልጄ ከባድ ነው ብዬ ነበር። አልነቃነቅም ብላ አየችው። ሥዕሉ የሚያልበው ይመስላል፤ እንዴት እንደተሠራ ግን አልገባኝም።

ባለካሜራ | ማክሰኞ፣ ማታ 1:50

ደመና፣ ያንን ስላነሣሽልኝ ደስ አለኝ። እኔ የማደንቀው ሥራ ነው።

ተከታታዩ በዌልስ ቴሌቪዥን አነሣሽነት፣ በሞስኮ አኒሜተሮች እጅ የተሠራ ነው። ስድስቱ በ1992፣ ስድስቱ በ1994 እ.ኤ.አ. ለዕይታ በቁ። ሥራው ላይ እያሉ ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፤ እነሱ ሥዕላቸውን ቀጠሉ። እንግሊዛዊው ደራሲ ሊዮን ጋርፊልድ ተውኔቶቹን አሳጠራቸው። ሙሉው ሐምሌት ሳይቆረጥ ከታየ አራት ሰዓት ግድም ይፈጃል። እሱ 25 ደቂቃ ውስጥ ሲከተው ንግግሩን በራሱ ቃል አልተካውም፤ የሼክስፒርን ቃል እየመረጠ አስቀረ፣ የጎደለውን በተራኪ ድምፅ አገናኘ። ማሳጠር ለሚማር ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም።

ሐምሌትን የሠራችው ናታሊያ ኦርሎቫ ናት፤ ዘዴው መስተዋት ላይ በቀለም መሣል ነው። ካሜራው ከላይ ቆሞ ቁልቁል ያያል፣ ከሥሩ መስተዋት አለ። ቀለም ትቀቢያለሽ፣ ፎቶ ታነሻለሽ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ በጣትሽ ወይ በብሩሽ ትንሽ ታንቀሳቅሺዋለሽ፣ እንደገና ታነሻለሽ። የፊልም አንድ ሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ፎቶ) ነው፤ 25 ደቂቃ ሲሆን 36,000 ይመጣል። አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢቆይ እንኳ 18,000 ጊዜ ማለት ነው። ሁሉም አንድ መስተዋት ላይ! አዲሱ ሥዕል የሚመጣው የቀድሞውን አጥፍቶ ነው። ተሳስተሽ እንደሆነ የምትመለሺበት ቦታ የለም። እጁን ለመሰንዘር የሚፈራ ልዑል ታሪክ፣ የተሠራ ነገር በማይመለስበት ዘዴ ተሣለ። ደመና ሥዕሉ የሚያልበው ይመስላል ያለችው እርጥቡን ቀለም ነው።

ዋሽንት | ማክሰኞ፣ ማታ 3:40

ይሄንን አላየሁትም፤ ፈልጌ አየዋለሁ። እስከዚያ ግን ሥዕሉን ለእናንተ ትቼ ስለ ቃሉ ልናገር፤ የኔ ፍቅር እዚያ ነው።

ሼክስፒር በአብዛኛው የሚጽፈው ቤት በማይመታ ስንኝ ነው፤ በመስመር 10 ቀለም (የድምፅ ምት ማለቴ ነው)፣ አንዱ ላላ አንዱ ጠበቅ እያለ ይሄዳል። እኛም 10 ቀለም ያለው ስንኝ አለን፦ ሰንጎ መገን፣ 5 በ5። ግን የኛው መሃል ላይ ይሰበራል፣ መጨረሻ ላይ ቤት ይመታል። የንግግር ሐሳብ ከመስመር መስመር እየፈሰሰ እንዲሄድ አይመችም። የወል ቤቱም 6 በ6 ነው፤ ለምክርና ለታሪክ ይስማማል እንጂ ለሚጠራጠር ሰው ይጠበዋል። ጸጋዬ 8 በ8 አድርጎ የዘረጋው፣ ዛሬ በስሙ የጸጋዬ ቤት የምንለው፣ ለመድረክ ሰው ትንፋሽ ቦታ ሰጠ። ሐምሌትን፣ ኦቴሎንና ማክቤዝን አማርኛ ያናገረ እጅ ይህን ስንኝ መፈለጉ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

እኔን ለዓመታት የያዘችኝ ግን አንዲት መስመር ናት። መንፈሱ ከሄደ በኋላ ሐምሌት ዘመኑ ከመጋጠሚያው ወጥቷል ይላል፤ አጥንት ከቦታው እንደሚወጣ። ከዚያ ይህን ላቃና መወለዴ ብሎ ያማርራል። እንግሊዝኛው «ላቃና» ብቻ ነው የሚለው። ለእኛ ግን ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ስም አለው። ወጌሻ! የወለቀ ክንድ ይዘን የምንሄድበት፣ ቅቤ ቀብቶ፣ አሽቶ፣ ሳናስበው ቀጭ አድርጎ የሚመልስ። ሐምሌት ወጌሻ ሁን የተባለ ተማሪ ነው። እንዲህ ሞከርኳት፦

ዘመን ወለቀ፣ አጥንቱ ዞረ፤
ወጌሻነቱ በኔ ላይ ቀረ።

ጋሼ፣ ይፍረዱኝ።

የመድረክ ሰው | ረቡዕ፣ ጠዋት 1:15

ዋሽንት፣ ጥሩ አድርገህ ይዘሃታል። ቤት መምታትህም ከዋናው አላራቀህም፦ እንግሊዝኛውም እዚያች ላይ ቤት ይመታል። ሼክስፒር ትዕይንት ሲዘጋ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። በዘመኑ መድረክ የሚወርድ መጋረጃ፣ የሚጠፋ መብራት አልነበረም፤ በቀን ብርሃን ነው የሚጫወቱት። ሁለቱ ስንኞች ቤት ሲመቱ ተመልካቹ ትዕይንቱ እንዳለቀ በጆሮው ያውቃል። «ወጌሻነቱ» ያልከው ደግሞ ሸክሙን ከነሙያው አመጣው። አንድ ነገር ብቻ፦ ሐምሌት እዚያ ላይ ይረግማል። ያንተው ያዝናል እንጂ አይረግምም። አስብበት።

እግረ መንገዴን፣ በዚያ መድረክ ሴት አልነበረችም። ኦፊልያንም ሆነ ንግሥቲቱን የሚጫወቱት ድምፃቸው ያልጎረነነ ወንዶች ልጆች ነበሩ፤ ሴት በእንግሊዝ የሕዝብ መድረክ ላይ የወጣችው ከ1660 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼ ይገረሙ ነበር፤ እኔም የማመጣላቸው ምሳሌ ከቤታችን ነው። በእኛም የቴአትር ጅማሬ ሴት ተዋናይ ባልነበረችበት ጊዜ ተስፋዬ ሳህሉ የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ተጫውተዋል። አባባ ተስፋዬ ማለቴ ነው።

ደመና | ረቡዕ፣ ቀን 10:20

አባባ ተስፋዬ! «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ሲሉ አሁንም ይሰማኛል።

በልጅነቴ ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገብተን ምንጣፉ ላይ እንደረደራለን። እሳቸው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ የሚንቀሳቀስ ሥዕል አልነበራቸውም። ጅቡም አንበሳውም ጦጣዋም እሳቸው ናቸው። ፊታቸው ነበር አኒሜሽኑ። አሁን ልጄ ፀሐይ የምትባለዋን ቀጭኔ በኢንተርኔት ስታይ ደስ ይለኛል፤ በአማርኛ የምታስብ አሻንጉሊት አለቻት። ግን ያንን ፊት አላገኘችውም፤ ይቆጨኛል።

የቀለም ጠብታ | ረቡዕ፣ ማታ 2:30

እናንተ ስትወያዩ እኔ ሁለት ቀን ሙሉ ስቀድና ስሰፋ ቆየሁ።

ደመና፣ የልጅሽ ጥያቄ አላስተኛኝም። ለምን ለእናቱ አይነግራትም? መጀመሪያ «እናትየውም ታውቃለች፣ ፈርታ ነው ዝም ያለችው» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ አልሆነም፤ ጨካኝ ሆነችብኝ። ቀጥዬ «አታውቅም፣ ብታውቅ ትሰበራለች» አልኩ። ይሄም ደካማ አደረጋት። ጋሼ፣ ሼክስፒር ዘንድ እናትየው ታውቃለች ወይስ አታውቅም? ሁለቴ አንብቤ ቁርጡን ማግኘት አቃተኝ።

የመድረክ ሰው | ረቡዕ፣ ማታ 4:00

ያላገኘሽው ስለሌለ ነው ልጄ። የተሳሳትሽ አይምሰልሽ።

ሐምሌት አንድ ጽሑፍ ብቻ አይደለም። በ1603 እ.ኤ.አ. የታተመ አጭር አለ፣ ቀጥሎ እጥፍ ያህል የሚረዝም በ1604 እና በ1605 መካከል ታተመ፣ ከዚያ ሼክስፒር ከሞተ በኋላ በ1623 ጓደኞቹ 36 ተውኔቶቹን በአንድ ላይ ባሳተሙት ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በመጀመሪያው አጭር ጽሑፍ ንግሥቲቱ ስለ ግድያው ምንም እንዳላወቀች ትምላለች፤ ልጇንም ልትረዳው ቃል ትገባለች። በረጅሙ ጽሑፍ ያ መሐላ የለም። ሐምሌት መስተዋት ፊት አቁሞ ሲወቅሳት ነፍሷ ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ እንደምታይ ትናገራለች፤ ነጠብጣቡ ግድያው ይሁን ቶሎ ማግባቷ አትናገርም። እያንዳንዷ ተዋናይት ራሷ ትወስናለች። ሁለት ንግሥቶች አይቻለሁ፤ አንዷ ዋንጫውን ስታነሣ መርዝ መሆኑን ታውቅ ነበር፣ ሌላዋ ጠምቷት ነው የጠጣችው።

አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ በይበት። የሐምሌት ቁጣ ግማሹ ከጋብቻው ይመጣል። የወንድምን ሚስት ማግባት በዚያ ዘመን እንግሊዝ ነውርም ኃጢአትም ነበር፤ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ የወንድሙን ሚስት ማግባቱን ምክንያት አድርጎ ነው ከመጀመሪያ ሚስቱ የተፋታው። በእኛ አገር አንዳንድ አካባቢ ግን ሟች ወንድምን ተክቶ ቤተሰቡን መያዝ ልጆቹ እንዳይበተኑ የሚደረግ ነገር ነበር። ያንቺ ተመልካች አጎትየው እናትየውን በማግባቱ ብቻ አይጠላውም። እንዲያውም ሊያመሰግነው ይችላል።

ደመና | ሐሙስ፣ ሌሊት 7:10

የቀለም ጠብታ፣ ይህን ለመጻፍ ስልኬን ሦስት ጊዜ አስቀምጬ አነሣሁት።

አባቴ ያረፈው እኔ እዚህ በመጣሁ በአምስተኛው ዓመት ነው። በዕለቱ አልተነገረኝም። አዲስ አበባ ዘመድ ተሰብስቦ ለቀስተኛ ሲስተናገድ እኔ ደውዬ «አባዬን አገናኙኝ» እላለሁ። «ተኝቷል» ይሉኛል። «ቤተ ክርስቲያን ሄዷል» ይሉኛል። ሦስት ሳምንት። ለካስ እዚህ ያሉ ጓደኞቼ ሁሉ ያውቃሉ። ሥራ ቦታ ያለችው ሐበሻ ታውቃለች። ገበያ ያገኘኋት ሴት አቅፋ ስትስመኝ ለምን እንደጠበቀችብኝ አልገባኝም። አንድ እሑድ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ደረጃው ላይ 14 ሰው ቆሟል፤ ሁሉም ጥቁር ለብሷል።

ያኔ ተናድጄ ነበር። ዛሬ አንድም ሰው ክፉ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ብቻዬን ሆኜ እንዳልሰማው ነው የጠበቁኝ። ግን ያንን ሦስት ሳምንት እስካሁን አልረሳውም። ጋሼ የቆጠሯቸውን ሦስቱን ሳነብ አራተኛ አለ ብዬ አሰብኩ። መርዶ። አገር ያውቃል፣ አንድ ሰው አያውቅም፣ የሚደብቁት ደግሞ የሚወዱት ናቸው።

ዋሽንት | ሐሙስ፣ ጠዋት 2:00

ደመና፣ እህቴ፣ ነፍስ ይማር። በረታሽልን።

ባለካሜራ፣ ሰኞ ዕለት መርዙን ትቶታል ብዬ ፊልሙን አቃልዬ ነበር፤ አሁን እሱን ቃል እመልሳለሁ። መርዝ የሌለበት ታሪክ ይህን ያህል እንደሚያም አላሰብኩም ነበር።

የቀለም ጠብታ | ሐሙስ፣ ማታ 3:15

ደመና፣ ከፈቀድሽልኝ ልጽፈው ነው። ካልፈቀድሽ ይቅር፤ ያንቺ ነው።

ደመና | ሐሙስ፣ ማታ 3:50

ጻፊው። ደረጃውን ብቻ ተዪልኝ። እሱን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ።

የቀለም ጠብታ | ቅዳሜ፣ ቀን 8:40

ጋብቻው ወጣ። የዕዳው ደብተርም ወጣ። አባትየው አረብ አገር ሄዷል፤ እስኪመለስ ድረስ አጎትየው ሱቁን ይጠብቅለታል። ልጁ ለአባቱ ኮት እየሰፋ ነው። የመጨረሻው ትዕይንት ይኸው፦

«ገና አልነጋም። ልጁ መኪናው ላይ አንቀላፍቷል፤ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። ኮቱ ከፊቱ ተሰቅሏል፤ ሳሙና የተሰመረበት እጅጌ ብቻ ይቀረዋል። በዚህ ሳምንት ደንበኞች ሲመጡ ዓይኑን አላዩትም። አንዷ ቀሚሷን ሳትለካ ከፍላ ሄደች። ሌላው ሱሪው አጥሮበት ሳለ «ልክ ነው» አለ።

ውጭ የእግር ድምፅ። አጎቱ ተነሥቶ መብራቱን ያበራል። በሩን ከመክፈቱ በፊት ወደ ልጁ ዞሮ ኮቱን ያያል፣ ከዚያ ልጁን ያያል። በሩ ይከፈታል። ጎረቤቶቹ ቆመዋል። ማንም አይናገርም።

ልጁ የሚያየው ልብሳቸውን ነው። የእያንዳንዳቸውን ልክ ያውቀዋል፤ ይህ ጥቁር ቀሚስ የማን እንደሆነ፣ ያ ካፖርት መቼ እንደተሰፋ። ከፊት የቆመችው እትዬ ነጠላዋን ለብሳለች። ጥለቱን ራሱ ነው የዘመዘመላት። ልጁ ጥለቱን ይፈልጋል። ቦታው የለም። ነጠላው ተዘቅዝቋል።

ሜትሩ ከአንገቱ ይወርዳል።»

ባለካሜራ | ቅዳሜ፣ ቀን 9:30

አንድ የቴክኒክ ነገር ብቻ፦ «ማንም አይናገርም» ካልሽ በኋላ ሙዚቃ እንዳታስገቢ። የአጎቱ የመብራት ማብሪያ ቀጭ ሲል ይሰማ፣ ከዚያ የሜትሩ መውደቅ። ሌላ ድምፅ አያስፈልግም። አጎቱ ኮቱን የሚያይባትን አፍታም አታሳጥሪያት፤ እኔ ብሆን ሦስት ሰከንድ እይዛታለሁ።

የመድረክ ሰው | ቅዳሜ፣ ቀን 11:00

አሁን ያንቺ ነው ልጄ።

ደመና | ቅዳሜ፣ ማታ 1:25

ለልጄ አነበብኩላት። ነጠላ ሲዘቀዘቅ ምን ማለት እንደሆነ አውጥቼ ከራሴ አሳየኋት። ዝም ብላ ቆየችና «ኮቱን ታዲያ ማን ለበሰው?» አለችኝ።

የቀለም ጠብታ | ቅዳሜ፣ ማታ 1:40

አልጻፍኩትም። እጅጌውም አላለቀም። አሁን ልቀመጥ ነው።